ሴሌኒየም በአፈርና በጎመን ኢንዛይሞች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንዴት መፈተን ይቻላል

ፊንላንድ የአፈሯን የሴሌኒየም እጥረት ለማካካስ ንጥረ ነገሩ በማዳበሪያ ውስጥ እንዲጨመር የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ጥንቃቄ የሚፈልግ ውሳኔ ነበር፤ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ400 ማይክሮ ግራም በላይ አዘውትሮ መውሰድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በአፈርና በዕፅዋት ዘንድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጥቂቱ ኢንዛይሞችን፣ ማለትም በሕያዋን ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን፣ ሊያነቃቃ ይችላል፣ ብዙው ያዳክማል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህንን በጎመንና በጥቂት ቆርቆሮ ሊፈትነው ይችላል።

በቅድሚያ አፈር ይምረጡ። በሆለታ በኩል ቀይ አፈር፣ በአቃቂ በኩል ደግሞ ዋልካ ይገኛል፤ ሁለቱ ለሴሌኒየም ያላቸው ጠባይ አንድ አይደለም። ቀዩ አፈር ኮምጣጣና በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ በመሆኑ ሴሌናይት የተባለውን የሴሌኒየም ዓይነት አጥብቆ ይይዘዋል፣ ለሥሩ የሚተርፈውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አይቀላቅሉ። በአቃቂ ወንዝ ከሚጠጣ የአትክልት ማሳም አፈር አይውሰዱ፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጡ ከባድ ብረቶች ራሳቸው ኢንዛይሞችን ስለሚያውኩ ውጤቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ለአፈሩ የሚሰጠው ሴሌኒየም የሚገኘው ከሶዲየም ሴሌናይት፣ ማለትም ሴሌናይት ካለበት ጨው ነው፤ ዱቄቱን በቤት ውስጥ አይመዝኑ፤ መርዝ ነው። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ከዚህ ዱቄት 219 ሚሊ ግራም በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ሙሙቱን ቢሰጥዎት፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ሴሌኒየም ይኖራል። ጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆልፉበት።

ዘጠኝ ቆርቆሮዎች ያዘጋጁና በእያንዳንዱ አንድ ኪሎ አፈር ይጨምሩ። ለሦስቱ ንጹህ ውሃ ብቻ፣ ለሦስቱ 5 ሚሊ ሊትር ሙሙት፣ ለቀሩት ሦስቱ 50 ሚሊ ሊትር ይስጡ። የሁሉም ፈሳሽ 50 ሚሊ ሊትር እንዲሆን የጎደለውን በውሃ ይሙሉ። ከዚያ ጓንት አጥልቀው አፈሩን ያደባልቁና የሐበሻ ጎመን ይዝሩ። የጎመን ወገን ድኝን አብዝቶ ይስባል፤ ሴሌኒየምም ድኝን ስለሚመስል አብሮ ይገባል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ በፕሮቲኖች ውስጥ የድኝን ቦታ ሲይዝ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ። በጥቅምትና በኅዳር ከዘሩ ቆርቆሮዎቹን ሌሊት ከውርጭ ያስጠልሉ፣ ብርድም የቅጠሉን ኢንዛይም ይለውጣልና።

አምስት ሳምንት ሲሞላ ካታሌዝን ይለኩ። ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብራል። ከፋርማሲ የሚገዛው ቁስል ማጠቢያ፣ 3 በመቶ የሆነው፣ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ በየተራ 5 ግራም እርጥብ አፈር ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ። ክዳኑን በስተው የግሉኮስ ቱቦ ያስገቡና ዙሪያውን በሻማ ሰም ይድፈኑ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ሞልቶ ሳፋ ውስጥ በተደፋ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አፍ ሥር ያድርጉ። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ አፈሩ ላይ ይጨምሩና ወዲያው ይክደኑ። አፈሩ ይፍለቀለቃል፣ አረፋው በቱቦው እየወጣ በተደፋው ጠርሙስ ያለውን ውሃ ወደ ታች ይገፋል። በየደቂቃው የውሃውን ከፍታ ጠርሙሱ ላይ በቀለም ያመልክቱ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። በአፈር ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ኦክሳይድም ያለ ምንም ኢንዛይም ፐርኦክሳይድን ይሰብራል። ከዚያው ቆርቆሮ ሌላ 5 ግራም አፈር አርጥበው ይቀቅሉና ሲቀዘቅዝ ፈተናውን ይድገሙ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ቅቅሉ የኢንዛይሙን አብዛኛ ክፍል ያጠፋል። ከጥሬው አፈር ጋዝ የተቀቀለውን ጋዝ ሲቀንሱ የሚቀረው የኢንዛይሙ ድርሻ ነው። ይህንን ሳይቀንሱ የተገኘ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም፣ በተለይ በቀይ አፈር።

የቅጠሉ ፈተና ይቀላል። ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ 2 ግራም ቅጠል በ20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይውቀጡና በነጠላ ጨርቅ ያጥሉ። በወረቀት መብሻ የተቆረጠ የማጣሪያ ወረቀት ክብ ጭማቂው ውስጥ ነክረው በፐርኦክሳይድ ብርጭቆ ሥር ያስቀምጡ። አረፋ ሲይዝ ይንሳፈፋል፤ በፍጥነት ከተንሳፈፈ ካታሌዙ ብርቱ ነው። በየቆርቆሮው አምስት ወረቀት ይሞክሩና አማካዩን ይውሰዱ።

ካታሌዝ ራሱ የተሠራው በብረት እንጂ በሴሌኒየም አይደለም፤ ስለዚህ የሚያዩት ለውጥ የተዘዋዋሪ ነው። የ5 ሚሊ ሊትሩ ቅጠል ከንጹሁ ሊፈጥን፣ የ50ው ሊዘገይና ቅጠሉም ሊገረጣ ይችላል። በቀይ አፈር ላይ ልዩነት ካልታየ ሙከራው ከሽፏል አይበሉ፤ አፈሩ ሴሌናይቱን ይዞት ይሆናል። ሦስቱ ተመሳሳይ ቆርቆሮዎች እርስ በርሳቸው ከተለያዩበት የማይበልጥ ልዩነት ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም።

ጎመኑን አይብሉት፣ ለላምና ለዶሮም አይስጡ። አፈሩንና የተረፈውን ሙሙት ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቦይ ሳይደፉ ሙሙቱን ለሰጠዎት ቤተ ሙከራ ይመልሱ።