አዲስ በተዘጋጀ አኳሪየም ውስጥ የቤታ ዓሣን ጤና መጠበቅ

ቤታ ዓሣ ከአብዛኞቹ የአኳሪየም ዓሦች የሚለይበት አንድ ችሎታ አለው፤ ይኸውም በስንጥቡ ከውኃ ከሚያገኘው ኦክስጅን በተጨማሪ ወደ ውኃው ገጽ እየወጣ አየር በአፉ መሳብ መቻሉ ነው። ከስንጥቡ በላይ የሚገኘው ላቢሪንት የተባለ አካል ለዚህ ያገለግለዋል፤ በትውልድ አገሩ በታይላንድ፣ በሩዝ ማሳዎችና በረግረግ ውስጥ፣ ጥልቀት በሌለውና ኦክስጅኑ ባነሰ ሙቅ ውኃ ሊኖር የቻለውም በዚሁ አካል ነው። ይህ ችሎታው ግን ሰው እጅ ሲገባ ጦስ ይሆንበታል። ዓሣው በአንድ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ለሳምንታት ሳይሞት ሲቆይ ያየ ሰው፣ ማጣሪያም ማሞቂያም ሰፊ ውኃም አያሻውም ብሎ ይደመድማል። አየር መሳቡ ከመታፈን ያድነዋል እንጂ በውኃው ውስጥ ከሚጠራቀመው መርዝ አያስጥለውም። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ያለ ቤታን የሚያሰጋው ዋነኛ ነገርም ይኸው መርዝ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት እርሱ ነው።

መርዙ አሞኒያ ይባላል። ዓሣው በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል፤ ከዓይነ ምድሩ፣ ከተረፈ ምግብና ከበሰበሰ ቅጠልም ይመነጫል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስተዋቱ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ውኃ በመቀየርና ተክል በመትከል ሊቀነስ ይችላል። አዲስ አኳሪየም እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም። ውኃው ጥርት ያለና የሚያምር መሆኑም ምንም አያረጋግጥም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም፣ ዓሣን በሚጎዳ መጠን ሲገኝም ሽታው ለአፍንጫ አይታወቅም።

ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ አኳሪየሙን አዘጋጅቶ ባክቴሪያውን ማራባት፣ ከዚያ ዓሣውን መግዛት ነው። ዓሣውንና አኳሪየሙን በአንድ ቀን ገዝቶ ወደ ቤት መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው እየተመረዘ ባክቴሪያውን እንዲያሳድግ መፍረድ ነው።

አኳሪየሙን በተመለከተ ከ10 ሊትር ያነሰ መምረጥ አይገባም፤ አቅም ካለ 20 ሊትር የሚይዘው እጅግ ይሻላል። ትልቁ የሚመረጠው ለውበት ብቻ አይደለም። አንድ ዓሣ በቀን የሚያወጣው አሞኒያ ያው ነው፤ በ4 ሊትር ውስጥ ሲሆን ግን በ20 ሊትር ውስጥ ከሚኖረው 5 እጥፍ ይበረታል፤ የውኃው ሙቀትም በዚያው ልክ ቶሎ ይዋዥቃል። ጀማሪ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ጊዜ የሚያገኘው ብዙ ውኃ ሲኖረው ነው። ቤታ ስለሚዘል ክዳን የግድ ያስፈልጋል፤ በክዳኑና በውኃው መካከል ግን ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ዓሣው የሚስበው አየር እዚያ ነው ያለው።

ማጣሪያው ውኃውን በዝግታ የሚያንቀሳቅስ መሆን አለበት። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ለቤታ በጣም ተስማሚ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ክንፍ አይጎትትም፣ ለባክቴሪያውም ሰፊ ማረፊያ ይሰጣል። በተለይ ረጃጅም ክንፍ ያላቸው ወንዶች ጠንካራ ሞገድ ባለበት ውኃ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ይውሉና ይደክማሉ፤ ዓሣው ሁልጊዜ አንድ ጥግ ይዞ ከተቀመጠ ወይም ሲዋኝ ክንፉ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የማጣሪያው ፍሰት ነው። የማሞቂያው ጉዳይ አከራካሪ ሊሆን አይገባውም። ቤታ የሙቅ አገር ዓሣ ሲሆን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ የማይለዋወጥ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ምግብ መፍጨት ይከብደዋል፣ ይደነዝዛል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይወርዳል። ለ20 ሊትር በአብዛኛው ባለ 25 ዋት ማሞቂያ በቂ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ግን ከማሞቂያው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ አጠገቡ ከሆነ የሚያሳየው የውኃውን ሳይሆን የማሞቂያውን ሙቀት ነው።

ማስዋቢያ ሲመርጡ ሹል ነገር ያስወግዱ። ጠንካራ የፕላስቲክ ተክል የቤታን ክንፍ ይቀዳል፤ የተቀደደው ቦታ ደግሞ የባክቴሪያ በር ይሆናል። ለመፈተን ያረጀ የናይለን ስቶኪንግ በዕቃው ላይ ይጎትቱ፤ ስቶኪንጉን ከያዘው ክንፉንም ይይዘዋል። ሕያው ተክል ከሁሉ ይመረጣል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብዙ ብርሃን ስለማይፈልጉ ለጀማሪ ይመቻሉ፤ አግድም የሚያድገው ወፍራም ግንዳቸው ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር በክር ይታሰራሉ። ቤታ ወደ ውኃው ገጽ ቀረብ ባለ ሰፊ ቅጠል ላይ ተንጋሎ ማረፍ ይወዳል፤ አዲስ ባለቤት ይህን አይቶ ታመመ ብሎ መደንገጡ አይቀርም፣ ነገር ግን ዕረፍት ነው። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ያህል ከበራ ይበቃል፤ ሌሊት ይጠፋል።

ውኃውን ማዘጋጀት

የቧንቧ ውኃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ልናራባቸው የምንደክምላቸውን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ውኃውን ለ24 ሰዓት ክፍት አድርጎ ማሳደር ክሎሪኑን ሊያተን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቦታ በክሎሪን ፋንታ የሚጨመረው ክሎራሚን እንዲህ በቀላሉ አይተንም። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የሚሸጠውን የክሎሪን ማስወገጃ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ይመረጣል። ይህ የሚሠራው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ውኃ በተቀየረ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ባክቴሪያውን ለመመገብ የአሞኒያ ምንጭ ያስፈልጋል። ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የአሞኒያ ፈሳሽ ከተገኘ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ድረስ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ካልተገኘ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጥሎ እንዲበሰብስ ማድረግ ይቻላል፤ መጠኑን መቆጣጠር ግን ይከብዳል። ማጣሪያው ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ማሞቂያውም እንደበራ ይቆያል፤ ባክቴሪያዎቹ ሙቀትና ኦክስጅን ይፈልጋሉና። ጤነኛ ዓሣ ካለበት የቆየ አኳሪየም ያገለገለ ስፖንጅ ማግኘት ከተቻለ፣ እርጥብ እንደሆነ አምጥቶ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መክተት የጥበቃውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥረዋል። በጠርሙስ ከሚሸጡት ባክቴሪያዎች ይልቅ እኔ በዚህ አምናለሁ።

የውኃ መመርመሪያ ሳይገዙ ይህን ሥራ መጀመር ዓይንን ጨፍኖ መንገድ እንደ መሻገር ነው። ጠብታ የሚጨመርበት ፈሳሽ መመርመሪያ ከወረቀቱ ይልቅ ይታመናል። በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ሲለካ መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ ከዚያ አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ብቅ ይላል፤ በመጨረሻም ናይትራይቱ እየወረደ ናይትሬት ይጨምራል። በመካከሉ ውኃው ለጥቂት ቀናት ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሊደፈርስ ይችላል፤ በራሱ ይጠራልና ሁሉን ደፍቶ እንደገና መጀመር አያስፈልግም። በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ አኳሪየሙ ዝግጁ ነው። የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ አብዛኛውን ውኃ ቀይሮ፣ ሙቀቱን አስተካክሎ ዓሣውን ማምጣት ይቻላል።

ዓሣው አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ

ይህ መመሪያ ከሚደርሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዓሣው አሁኑኑ ውኃ ውስጥ ያለባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። እንዲህ ከሆነ የባክቴሪያውን ሥራ ለጊዜው የሚሠራው ባለቤቱ ነው። አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለኩ፤ ከሁለቱ አንዱ በሊትር 0.25 ሚሊግራም ካለፈ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ይቀይሩ። ግማሹን መቀየር መርዙን በግማሽ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ 1 ሚሊግራም የነበረው ግማሽ ሚሊግራም ይሆናል፤ ስለዚህ በማግስቱ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። የሚጨመረው ውኃ ክሎሪኑ የተወገደና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር የተቀራረበ ይሁን። ውኃ ከመቅዳትዎ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከውኃ ውጭ በርቶ የቆየ ማሞቂያ መስተዋቱ ይሰነጠቃል። በእነዚህ ሳምንታት ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥቂት ብቻ ማድረግ የአሞኒያውን ምንጭ ይቀንሳል።

አሞኒያ ፒኤች (የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከፍ ሲልና ውኃው ሲሞቅ ይበልጥ መርዛማ እንደሚሆን ማወቅም ይጠቅማል። ያው የመመርመሪያ ውጤት ፒኤች 8 በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤች 7 ከሆነው ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው። ቤታ ከ6.5 እስከ 7.5 ያለው ይስማማዋል፤ ከዚህ ትንሽ ቢያልፍም ይለምደዋል፤ ፒኤች ለማስተካከል ተብሎ በየጊዜው ኬሚካል ማፍሰስ የሚያመጣው መዋዠቅ ግን ከቁጥሩ በላይ ይጎዳዋል።

ዓሣው ወደ ቤት ሲመጣ ከነላስቲኩ በውኃው ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ የአኳሪየም ውኃ በላስቲኩ ውስጥ ይጨመርለት። በመጨረሻ ዓሣው ብቻ ወደ አኳሪየሙ ይገባል፤ የላስቲኩ ውኃ ይደፋል፤ ቆሻሻና ምናልባትም በሽታ ይዟልና። በመጀመሪያው ቀን መብራቱን አጥፍቶ መተው ያረጋጋዋል። አለመብላቱም አያሳስብ።

ምግብን በተመለከተ፣ ቤታ በተፈጥሮው ነፍሳትንና እጮቻቸውን የሚበላ ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ፕሮቲን የበዛበት ለቤታ የተዘጋጀ ፍሬ ምግብ ዋነኛው ሆኖ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በረዶ የሆነ ዳፍኒያ ወይም የአርቴሚያ ሽሪምፕ (ሁለቱም ደቃቅ የውኃ እንስሳት ናቸው) ቢጨመርለት መልካም ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ፍሬ ይበቃዋል። ሰው በቀረበ ቁጥር እየተቁለጨለጨ ወደ መስተዋቱ ስለሚመጣ ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል፤ በዚህ አይታለሉ። ሆዱ ከተነፋና ወደ ጎን ካዘመመ ከመድኃኒት በፊት አንድ ሁለት ቀን ማስጾም ይሞከራል። የወደቀ ምግብ ወዲያው በጎማ ቱቦ ይሳብ።

ሁለት ወንዶችን በአንድ አኳሪየም ማኖር ፈጽሞ አይቻልም፤ እስከ ሞት ይደባደባሉ። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ሌላ ዓይነት ዓሣ መጨመርም ቢሆን ባክቴሪያው እስኪጸና ይቆይ።

ጤነኛ ቤታ ክንፎቹን ዘርግቶ ይዋኛል፣ ለሰው ምላሽ ይሰጣል፣ ምግብ ሲያይ ይሮጣል። ወንዱ በውኃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ለአካለ መጠን መድረሱን እንጂ ውኃው ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ክንፎቹን ከሰበሰበ፣ አየር ለመሳብ ከወትሮው በላይ ከተመላለሰ፣ ስንጥቡ ከቀላ ወይም ቀለሙ ከደበዘዘ የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት ቤት መሄድ ሳይሆን ውኃውን መለካት ነው። የክንፉ ጠርዝ እየጠቆረ ወይም እየነጣ ሲያጥር የክንፍ መበስበስ ነው፤ ገና በጅምሩ ከሆነ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይድናል። ጨው የተነሰነሰበት የሚያስመስል ነጭ ነጠብጣብ ኢክ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ምልክት ስለሆነ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ወርቃማ አቧራ የሚመስለው ደግሞ ቬልቬት የተባለው በሽታ ሲሆን በእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት በደንብ ይታያል። ቅርፊቱ ቆሞ ሰውነቱ ያበጠ ዓሣ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። መድኃኒት ሲሰጥ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ካርቦን ይውጣ፤ አለዚያ መድኃኒቱን ይስበዋል።

አኳሪየሙ ከጸና በኋላ በየሳምንቱ 25 በመቶ ያህል ውኃ መቀየርና ናይትሬትን በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ማቆየት ይበቃል። ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ ፈጽሞ አይታጠብም፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ቡናማ ዝቃጩ ሲወጣ በቃው፣ ነጭ እስኪሆን ማሸት አያስፈልግም። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሙቀቱን ያቆዩ፤ ዓሣውንም አይመግቡ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ማጣሪያ ከሆነ ስፖንጁን አውጥተው በአኳሪየሙ ውኃ ውስጥ ያንሳፍፉት፤ ኃይል ሲመለስም በማጣሪያው ውስጥ ታሽጎ የቆየውን ውኃ ሳይደፉ ማጣሪያውን አያስነሡ፤ በውስጡ የሞተው ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ወደ ዓሣው ይለቀቃልና።