ያረጀ ፒክአፕ በከፍተኛ ፍጥነት ሲንቀጠቀጥ፦ ምክንያቱን ስንፈልግ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለብዙ ዓመታት በኮረኮንችና በከተማ መንገድ ያገለገለ ፒክአፕ ሕመሙን ሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በታች ሲነዳ ንዝረቱ ከመንገዱ መንገጫገጭ ጋር ስለሚቀላቀል ነጂው ልብ አይለውም። ያው መኪና ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ወጥቶ 80ን ሲያልፍ ግን መሪው በእጅ ውስጥ ይርገበገባል፤ ወለሉ ያጉረመርማል፤ በጎን መስታወቱ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። የእኔም አሮጌ ሂሉክስ እንዲሁ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ወራት የፈጀብኝና ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ ዋናው ነገር የፍተሻው ቅደም ተከተል መዛባቱ ስለነበር፣ የኔንም የሌሎችንም ስህተት በዝርዝር ማስቀመጥ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል።

ንዝረቱን ሳይለዩ መፍቻ ማንሳት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። በመኪናው ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የራሱ ፍጥነት አለው፤ የንዝረቱም ምት የሚሽከረከረውን ዕቃ ማንነት ይናገራል። ለምሳሌ ዙሪያው ወደ 2.3 ሜትር የሚጠጋ ጎማ፣ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ትራስሚሽኑ 4.1 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ትራስሚሽን በዚያው ሰከንድ ወደ 49 ጊዜ ይሽከረከራል። በሰከንድ 12 ጊዜ የሚመታ ንዝረት በዓይን የሚታይና በእጅ የሚቆጠር የሚመስል መርገብገብ ሲሆን፣ 49 ጊዜ የሚመታው ግን ከወለሉና ከወንበሩ ሥር እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም፣ እግርን የሚያደነዝዝ ነው። ይህን ልዩነት በሚገባ ያስተዋለ ሰው ጎማ ተራ ሄዶ የትራስሚሽን ችግር፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሲፈልግ አይውልም።

ስለዚህ በቅድሚያ መኪናውን ይዞ መውጣትና መመዝገብ ያስፈልጋል፦ ንዝረቱ በስንት ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ በስንት ይበረታል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ይጠፋል ወይስ እየባሰ ይሄዳል፣ ባዶውንና ተጭኖ ሲሄድ ይለያያል ወይ? ቀጥሎ በተመሳሳይ ፍጥነት ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መንዳት ነው። በዚህ ጊዜ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፤ የጎማውና የትራስሚሽኑ ግን አይለወጥም። ንዝረቱ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከተለወጠ ሞተሩን፣ ሞተሩን የተሸከሙትን የላስቲክ መደገፊያዎችና ፍሪሲዮኑን መመርመር ይገባል። ካልተለወጠ ሞተሩን መተው ይቻላል። በመጨረሻም ቀጥ ባለና ሜዳ በሆነ፣ ተከታይ መኪና በሌለበት ቦታ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣና ማርሹ ሲወጣ የሚጠፋ ንዝረት ኃይል ከሚያስተላልፉት ዕቃዎች ይመነጫል። በዚህ ሙከራ ወቅት ሞተሩን ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬንና መሪን የሚያግዘው ኃይል ይቋረጣልና።

ባላንስን እንደ ሁሉ መፍትሔ መቁጠር

እኔ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደርጌአለሁ። ማሽኑ በየጊዜው ዜሮ እያሳየ፣ መኪናው ግን 90 ላይ ሲደርስ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባላንስ የሚያስተካክለው የክብደትን አለመመጣጠን ብቻ ነው። ክብ ያልሆነን ጎማ ክብ አያደርግም፤ የታጠፈ ቸርኬንም (ጎማው የሚለብሰውን የብረት ክብ) አያቃናም። ማሽኑ ጎማውን በአየር ላይ ስለሚያሽከረክረው፣ ሸክም ተሸክሞ አስፋልት ላይ ሲሽከረከር የሚሆነውን አያይም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ብዙ ወጪ በሌለው መንገድ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ በጠንካራ መደገፊያ ካሳረፍኩት በኋላ፣ ሚስማር የተመታበት የእንጨት ጉማጅ ከጎማው ፊት አስቀመጥኩ፤ የሚስማሩን ጫፍ ከጎማው ጥርስ በጥቂት አራርቄ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ሦስቱ ጎማዎች ከሚስማሩ እኩል ርቀት ጠብቀው ዞሩ። የፊት ቀኙ ግን አንድ ቦታ ላይ ሚስማሩን ገጭቶ ወደ ኋላ ገፋው። መዳፌን ስዳብስበት ከውጭ የማይታይ እብጠት ነበረበት፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ ከላስቲኩ ተላቆ ነበር። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዋዥቅ ጎማ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ የተላቀቀ ጎማ ግን በዚያው ቀን መወገድ አለበት፣ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላልና። ሚስማሩን ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ አድርጎ ማዞርም የታጠፈውን ቸርኬ ያጋልጣል።

እዚህ ላይ የጎማውን ዕድሜ ማንበብም አይዘንጋ። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሐዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። 3518 ማለት የ2018 ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት ሲሆን፣ ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ የ2010 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጥ፣ ለዓመታት መጋዘን የከረመ ጎማ ያጋጥማል።

በክረምት ደግሞ ከማንኛውም ወጪ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ገጽ ማጠብ ይገባል። እዚያ የደረቀ እፍኝ ጭቃ ብቻውን መሪውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ጎማውን ሳያጸዱ መግጠም

ቸርኬው ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የአክስል ጫፍ) ጋር የሚገናኝበት ገጽ ላይ ዝገትና አፈር ካለ ጎማው በትንሹ ዘመም ብሎ ይታሰራል። ገጹ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። ዳዶዎቹ (የጎማ ማሰሪያዎቹ) ሾጣጣ ጎናቸው ወደ ቸርኬው ሆኖ፣ ተራ በተራ ሳይሆን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በእጅ ከዚያም በቁልፍ ይጥበቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና መፈተሽ አለባቸው።

ያላላውን ዕቃ የንዝረቱ ምንጭ አድርጎ መውሰድ

መሪው ሲንቀጠቀጥ ብዙ ባለሙያዎች በቀጥታ የመሪ ዘንግ ጫፎችንና አሞርዛተሮችን ይቀይራሉ። ያረጁ ከሆኑ መቀየራቸው ተገቢ ነው። ሆኖም የላላ ዕቃ ከሌላ ቦታ የመጣን ንዝረት ያጎላል እንጂ ብዙውን ጊዜ በራሱ ንዝረት አይፈጥርም። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ የሚያስተካክለው አላይመንትም እንዲሁ ነው፤ መዛባቱ ጎማውን አዛብቶ ይበላዋል፣ የተበላው ጎማ ነው በኋላ የሚያንቀጠቅጠው። ሙሉ የፊት አክስል ያላቸው መኪኖች ጉድጓድ ከመቱ በኋላ በድንገት መሪያቸው ግራና ቀኝ በኃይል የሚወራጭበት ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ የላሉ ኩሽኔታዎችና (ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ዕቃዎች) ቦኮላዎች ዋነኛ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ መርገብገብም ወደ ፍሬኑ ዲስክ ወይም ከበሮ ያመለክታል።

ትራስሚሽኑን ያለ ምልክት መፍታት

የእኔን መኪና ጎማ ከቀየርኩ በኋላ የመሪው መርገብገብ ጠፋ፤ ከወለሉ የሚመጣው ማጉረምረም ግን ቀረ። ከዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ክሮቼራዎቹን (ትራስሚሽኑ በማዕዘን እንዲዞር የሚያስችሉትን የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያዎች) ቀይሮልኝ ነበር። መኪናው ሥር ገብቼ ስመለከት፣ ዘንጉ ከተንሸራታች ክፍሉ ጋር በጥርስ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ሹካዎች አንድ መስመር ላይ አልነበሩም። ሲፈታ ምልክት ስላልተደረገበት፣ ሲገጠም ጥርስ ስቶ ገብቷል። ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ ዘንጉን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜም ያዘገየዋል። የኋለኛው ክሮቼራ ይህን የሚያጠፋው ሹካዎቹ ትይዩ ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለሆነም ከመፍታት በፊት በሁሉም መገናኛዎች ላይ በቀለም ወይም በነጥብ መምቻ ምልክት ማድረግ ግዴታ ነው።

ክሮቼራን መኪናው ላይ እንዳለ በእጅ ነቅንቆ «ደህና ነው» ማለትም አያስተማምንም። ከኮፍያዎቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ግራሶው አልቆ በኮፍያዎቹ ውስጥ ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች መድረቃቸውን ያሳያል። ዘንጉ ወርዶ ሲታጠፍ እንደ ጥርስ የሚያዝ ከሆነም መቀየር አለበት። በቧንቧው ላይ ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን የሆነ የብየዳ ርዝራዥ ያለበት ቦታ ካዩ፣ የባላንስ ክብደቱ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ዘንጉ ለባላንስ መላክ ይኖርበታል። ረጅም ሻንሲ ባላቸውና ትራስሚሽናቸው ሁለት ቁራጭ በሆነ መኪኖች የመሐል ኩሽኔታው ላስቲክ መቀደዱም በብዛት ይታያል።

ጭነት ለመጨመር በባሌስትራ (መኪናውን በሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ) ላይ ቅጠል ማስጨመር በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ የመኪናውን ጀርባ ያነሳል፤ የትራስሚሽኑንም ማዕዘን ያዛባል። ባዶውን ሲሄድ የሚያጉረመርም፣ ተጭኖ ሲሄድ ግን ጸጥ የሚል መኪና ካለ በመጀመሪያ መለካት ያለበት ይህ ማዕዘን ነው። አንድ ቁራጭ ትራስሚሽን ባላቸው መኪኖች የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ መሆን ይጠበቅባቸዋል፤ ካልሆኑ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ማስተካከል ይቻላል። ማዕዘኑ ሳይለካ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ተደጋግሞ የሚገዛ ክሮቼራ ቶሎ ያልቃል፤ ንዝረቱም ይመለሳል።

መኪናውን በክሪክ አንስቶ በማርሽ ማሽከርከር

ይህ ሙከራ አሳሳች ነው፣ አደገኛም ነው። የኋላ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሲቀር የትራስሚሽኑ ማዕዘን ከእውነተኛው የተለየ ይሆናል። አንድ ጎማ ብቻ ከተነሳ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ በእጥፍ ያሽከረክረዋል፤ የፍጥነት መለኪያው 50 ሲል ጎማው 100 ይዞራል። በሚሽከረከር ዘንግ ሥር መተኛት ለማንም ሰው አይፈቀድም።

ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ መቀየር

ጎማውን፣ ክሮቼራውንና የመሪ ዕቃዎቹን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ንዝረቱ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳጠፋው አያውቅም፤ ካልጠፋም ወዴት እንደሚቀጥል ግራ ይገባዋል። ዕቃ ከመግዛት በፊት የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ማዘዋወር ምንም ወጪ የለውም፤ ንዝረቱ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከተሻገረ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ጋር ተጉዟል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ጭነት ነድቶ ውጤቱን በማስታወሻ ማስፈር ይበቃል።

ቀስ በቀስ የመጣን ንዝረት በዚህ መልክ በእርጋታ መከታተል ይቻላል። በጉዞ መካከል በድንገት የጀመረን ንዝረት ግን እስከ ቤት ድረስ ይዞ መሄድ አይገባም። ዳር ይዞ ቆሞ፣ የአደጋ ምልክት መብራቱን አብርቶ፣ የአራቱንም ጎማዎች ዳዶ፣ የጎማዎቹን ጎንና ጥርስ፣ የትራስሚሽኑንም ቡሎኖች በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። የላላ ቡሎን ካለ መኪናው የሚነሳው ከጠበቀ በኋላ ነው፤ ያበጠ ጎማ ካለም ትርፍ ጎማው ከተገጠመ በኋላ ነው።