ቀለም በተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች ቲ ሴሎችን ከደም ውስጥ እንዴት መለየት ይቻላል?

በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች የሆኑት ሊምፎሳይቶች በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ትናንሽ ክብ ሴሎች ናቸው፤ ቲ ሴልን ከቢ ሴል፣ ረዳቱን ቲ ሴል ከገዳዩ ቲ ሴል በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለያዩት በላያቸው በተሸከሟቸው ፕሮቲኖች ነው። ስለዚህ በአንድ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚጣበቅ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ይወሰድና ሌዘር ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ተያይዞበት ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም ፍሎ ሳይቶሜትር የተባለው መሣሪያ ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የትኛው በምን ቀለም እንዳበራ ይመዘግባል። ኮህለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርቱ ሴሎችን መፍጠር ከቻሉ በኋላ እንዲህ ያሉ አንቲቦዲዎች በረከቱ፤ ፕሮቲኖቹም እ.ኤ.አ. በ1982 በፓሪስ ከተካሄደው ጉባኤ ጀምሮ «ሲዲ» በሚል ስያሜና በቁጥር ይጠራሉ። በአገራችን ከኤችአይቪ ክትትል ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የሚያውቀው «ሲዲ ፎር» ከእነዚህ አንዱ ነው።

እዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ሦስት ቀለሞችን ይጠቀማል። ሲዲ3 በሁሉም ቲ ሴሎች ላይ ይገኛል፤ ሲዲ4 ረዳቶቹን፣ ሲዲ8 ደግሞ ገዳዮቹን ያመለክታል። ቀለም ሲመደብ ደካማው ቀለም በብዛት ለሚገኝ ፕሮቲን፣ ብሩሁ ቀለም አነስ ብሎ ለሚገኝ ፕሮቲን ይሰጣል። በዚህ መሠረት ሲዲ8 ኤፍአይቲሲ ከተባለው አረንጓዴ ቀለም ጋር፣ ሲዲ4 ፒኢ ከተባለው ብርቱካናማ ቀለም ጋር፣ ሲዲ3 ደግሞ በቀይ ሌዘር ከሚነቃቃው ኤፒሲ ጋር ይሁን።

ከዋናው ሙከራ በፊት የእያንዳንዱ አንቲቦዲ ተገቢ መጠን መታወቅ አለበት። አምራቹ የጻፈው መጠን መነሻ ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አንቲቦዲውን በየደረጃው በግማሽ እያሳነሱ በእኩል መጠን ደም ላይ መሞከር፣ ከዚያም በሚያበሩትና በማያበሩት ሴሎች መካከል ያለው ርቀት ከሁሉ የሰፋበትን መጠን መምረጥ ያስፈልጋል። አንቲቦዲው ሲበዛ ባልተፈለጉ ሴሎች ላይም እየተለጠፈ የማያበሩትን ያደምቃል፤ ሲያንስ ደግሞ የሚያበሩት ደብዝዘው ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ።

ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ ኢዲቲኤ የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ውሕድ በያዘ ቲዩብ ይቀዳል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ በዚያው ቀን መሠራቱ ይመረጣል። በመጀመሪያ የተለካው አንቲቦዲ በቲዩቡ ግርጌ ይጨመራል፤ ቀጥሎም 100 ማይክሮ ሊትር ደም የቲዩቡን ግድግዳ ሳይነካ ግርጌው ላይ ይደረጋል። ይህ ጥንቃቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በግድግዳው ላይ የቀረ የደም ጠብታ አንቲቦዲው ሳይደርሰው ይቆይና ኋላ ሲታጠብ ወርዶ ቀለም የሌላቸው ሴሎችን ወደ ናሙናው ያስገባል፤ ተመራማሪውም እውነተኛ የሴል ዓይነት ያገኘ ይመስለዋል። ቲዩቡ በዝግታ ከተነቀነቀ በኋላ በክፍል ሙቀት፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ለ20 ደቂቃ ይቀመጣል። ቀጥሎ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያፈርስ 2 ሚሊ ሊትር የአሞኒየም ክሎራይድ ውሕድ ይጨመርና 10 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ድፍርሱ ደም ጠርቶ ብርሃን ሲያሳልፍ ማፍረሱ እንደተሳካ ይታወቃል። በ300 ጂ (በመሬት ስበት 300 እጥፍ ኃይል) ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይዞራል፣ ፈሳሹ ይደፋል፣ ፒቢኤስ በተባለ ጨዋማ ፈሳሽ ይታጠባል፣ በመጨረሻም በ400 ማይክሮ ሊትር ፒቢኤስ ይበተናል።

ደሙ ትኩስ ካልሆነና ሴሎቹ በረዷማ ማከማቻ ቆይተው የወጡ ከሆነ ሁለት ነገር ይጨመራል። የሞቱ ሴሎች ያገኙትን አንቲቦዲ ሁሉ ስለሚይዙ እነርሱን የሚለይ ቀለም ያስፈልጋል፤ እንደ ሞኖሳይት ያሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ አንቲቦዲን በጭራው በኩል የሚይዙ ተቀባዮች ስላሏቸው አስቀድሞ እነዚህን የሚዘጋ ውሕድ ይጨመራል።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው የመቆጣጠሪያ ናሙናዎች ዝግጅት ነው፤ ጀማሪዎች አንቲቦዲ ለመቆጠብ ሲሉ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ምንም ቀለም ያልተጨመረበት አንድ ቲዩብ፣ እያንዳንዱ ቀለም ብቻውን የተጨመረባቸው ሦስት ቲዩቦች፣ ከዚያም ከሦስቱ አንዱ ብቻ የጎደለባቸው ቲዩቦች ይዘጋጃሉ። የኤፍአይቲሲ ብርሃን በከፊል ወደ ፒኢ መቀበያ ይፈስሳል፤ ይህ ሳይስተካከል ከቀረ በሲዲ8 የደመቁ ሴሎች ሲዲ4ንም የተሸከሙ መስለው ይታያሉ። ብቸኛ ቀለም ያላቸው ቲዩቦች የፈሰሰውን ብርሃን መጠን አሳይተው እንዲቀነስ ያደርጋሉ፤ ለዚህም በእነርሱ ላይ ያለው ድምቀት ከዋናው ናሙና ያላነሰ መሆን አለበት። አንድ የጎደላቸው ቲዩቦች ደግሞ «ያበራል» እና «አያበራም» የሚለው መስመር የት እንደሚሰመር ይነግራሉ፤ እንደ እኔ አመለካከት ለዚህ ተግባር በልማድ ከሚጨመረው ዒላማ የለሽ አንቲቦዲ ይልቅ እነዚህ የታመኑ ናቸው።

በመሣሪያው ስክሪን ላይ መጀመሪያ በሴሎቹ መጠንና በውስጣቸው ባለው ቅንጣት መሠረት ሊምፎሳይቶች ይከለላሉ፤ ተጣብቀው ያለፉ ጥንድ ሴሎችም ይወገዳሉ። ቀጥሎ ሲዲ3 ያላቸው ብቻ ይወሰዳሉ፤ በመጨረሻ እነዚህ በሲዲ4 እና በሲዲ8 ይከፋፈላሉ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፦ ሞኖሳይቶችም ደብዛዛ ሲዲ4 ስላላቸው ሲዲ3 ሳይጣራ ሲዲ4 ብቻ ቢቆጠር ረዳት ቲ ሴሎች ሆነው ይቆጠራሉ። የሲዲ4 እና የሲዲ8 ድርሻ ሲደመር ከጠቅላላው ሲዲ3 ጋር ሊቀራረብ ይገባል፤ ሁለቱንም የማይሸከሙ ጥቂት ቲ ሴሎች ስላሉ መጠነኛ ልዩነት አያስደነግጥም፣ ሰፊ ልዩነት ግን ሥራውን ከመጀመሪያው ለመመርመር ምክንያት ነው።

በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ከተፈለገ ብዛታቸው የታወቀ ጥቃቅን ቅንጣቶች ወደ ቲዩቡ ይጨመራሉ፤ ማጠብ ሴሎችን ስለሚያጎድል በዚህ ጊዜ እጥበቱ ይቀራል። ለምሳሌ በ100 ማይክሮ ሊትር ደም ላይ 100,000 ቅንጣቶች ተጨምረው መሣሪያው 5,000 ቅንጣቶችንና 4,000 ሲዲ4 ሴሎችን ቢቆጥር ውጤቱ በማይክሮ ሊትር 800 ሴሎች ይሆናል። ይህን ቁጥር ከሌላ አገር ከመጣ መደበኛ ወሰን ጋር ብቻ ማነጻጸር አያስተማምንም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ትብብር የተደረጉ ጥናቶች የጤናማ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር ከጤናማ ኔዘርላንዳውያን ያነሰ መሆኑን ስላሳዩ፣ በየሙከራው ከዚያው ማኅበረሰብ የመጡ ጤናማ ሰዎች ደም አብሮ መሠራት አለበት።