በዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ፎቶ ማንሳትና መቅረፅ፦ የሚፈቀደውና የሚያስቆመው

ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ቆሞ የሚገባውን ባቡር በስልኩ የሚቀርፅ ሰው የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። የዋሽንግተን ሜትሮ ለንግድ ያልሆነ፣ በእጅ በተያዘ ካሜራ የሚነሳን ፎቶ ያለ ፈቃድ ወረቀት ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የመናገርና የፕሬስ ነፃነትን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ አለ። የቦስተኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011፣ የፊላደልፊያው በ2017፣ ሥራ ላይ ያለን ፖሊስ እንኳ በአደባባይ መቅረፅ መብት ነው ብለዋል። ብዙ ወገኖቻችን «መከልከሉ አይቀርም» ብለው ካሜራቸውን ገና ሳያወጡ ይተዉታል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው።

ችግር የሚመጣው ከዕቃ ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ መብራትና አንጸባራቂ ከያዛችሁ ፈቃድ ትጠየቃላችሁ፤ ሰው የሚያደናቅፍ፣ መተላለፊያ የሚዘጋ ነገር ስለሆነ። ኒውዮርክም እንዲሁ ነው፦ የምድር ባቡሩ ደንብ ቁጥር 1050.9 ፎቶም ቪዲዮም በግልጽ ፈቅዶ ትራይፖድና መብራት ይከለክላል። እዚያ በ2004 ፎቶን ጭራሽ የሚያግድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተቃውሞ ስለበዛበት በ2005 ተትቷል። የሙዚቃ ክሊፕ፣ ማስታወቂያ ወይም በክፍያ የሚሠራ የሙሽሮች ፎቶ ግን የንግድ ሥራ ነው፤ አስቀድማችሁ ሜትሮን ፈቃድ ጠይቁ።

ፍላሽ አጥፉ። በጨለማ ዋሻ የሚመጣ ነጂ ዓይኑ ላይ ፍላሽ ከበራበት ለአፍታ አያይም። ሥዕሉንም አያሻሽለውም፤ የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም።

ቦታም ይለያያል። ፔንታገን ጣቢያ ወጥታችሁ ደጁ ላይ ካሜራ ካነሳችሁ የመከላከያ ሚኒስቴር ግቢ ውስጥ ናችሁ፤ እዚያ ያለ ፈቃድ ፎቶ ክልክል ነው። ዩኒየን ስቴሽን ሜትሮው አንድ ነገር ነው፣ ላይ ያለው የአምትራክ፣ የረጅም ርቀቱ ባቡር፣ ሌላ፤ የአምትራክ ፕላትፎርም ላይ ለመቆም ቲኬት ያስፈልጋል። ጥሩ ሥዕል ለሚፈልግ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያህል የለም፦ ጣቢያው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ማርክ የሚባሉት የሜሪላንድ የተሳፋሪ ባቡሮችና የጭነት ባቡሮች ከሬድ ላይኑ (ከሜትሮው ቀይ መስመር) ጎን ለጎን ያልፋሉ። ከመሬት በታች ከሆነ ጋለሪ ፕሌስ፤ የኮንክሪቱ ቅስት ጣሪያ ራሱ ፎቶ ነው።

ከጠርዙ ጋር ያለውን ጎርበጥባጣ ንጣፍ አትለፉ። ባቡር ሲቃረብ የጠርዙ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ያኔ ክንዳችሁም ሆነ የሰልፊ ዱላችሁ ከጠርዙ በዚህ ወገን ይሁን። ስልክ ሐዲድ ላይ ከወደቀ በፍጹም አትውረዱ። ሦስተኛው ሐዲድ 750 ቮልት ይሸከማል። ለጣቢያው ኃላፊ ንገሩ፣ ሠራተኛ ያወጣላችኋል።

ለሚመጣ ባቡር ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፣ ሌንሱን እስከሚችለው ክፍት አድርጉ። በስልክ ከሆነ የባቡሩን ፊት በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ፤ አለዚያ የፊት መብራቱ ሁሉን ያነጣዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የመጣ ካሜራ ላይ ቪዲዮው ውስጥ ጥቁር መስመር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም፦ እዚያ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ፣ አሜሪካ 60 ነው። የቪዲዮውን ቅንብር ከፓል (የ50 ኸርዝ አገሮች) ወደ ኤንቲኤስሲ (የ60 ኸርዝ አገሮች) ለውጡ፣ ሹተሩን 1/60 አድርጉ፣ ይጠፋል።

ድምፅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በዲሲና በቨርጂኒያ እናንተ ራሳችሁ ያላችሁበትን ንግግር መቅዳት ትችላላችሁ። በሜሪላንድ ግን የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ሬድ ላይኑ ዲሲ ካለው ታኮማ ተነስቶ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ሕጉ ተለውጧል ማለት ነው። የበሩ ደወል፣ የጣቢያው የድምፅ ማሳወቂያ፣ የመንኮራኩሩና የሐዲዱ ጩኸት ችግር የለበትም። አጠገባችሁ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲያወሩ ግን ማይኩን ዝጉ ወይም ራቅ በሉ። የሌላ ሰው ሕፃን ልጅ ፊት ቀርባችሁ አትቅረፁ፤ ሕግ ባይከለክልም እናት ትደነግጣለች።

ፖሊስ ቢያናግራችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፣ እጃችሁ ይታይ፣ አትሽሹ። የሜትሮ ትራንዚት ፖሊስ በሦስቱም ግዛት ሥልጣን አለው። «ለደኅንነት ወደዚያ ሂድ» ካላችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ቦታ ቅረፁ። «አቁም» ካለ በትሕትና «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» በሉ፤ መሄድ እችላለሁ ወይ ማለት ነው። «አዎ» ካለ ሂዱ። «አይ» ካለ ተይዛችኋል፤ ዝም የማለት መብት አላችሁ፣ ውሸት ግን አትናገሩ። ስልካችሁን ሊከፍት ከጠየቀ «አይ ዶንት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች» በሉ፤ ፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በራይሊ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የታሰረ ሰው ስልክ እንኳ በመደበኛው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ አይበረበርም። ፖሊሱ የቀረፃችሁትን ሰርዙ ብሎ የማዘዝ ሥልጣንም የለውም። ከእጃችሁ ከነጠቀ ግን አትታገሉ፤ ትግሉ ራሱ ክስ ይሆናል። ግሪን ካርድ ያላችሁና 18 ዓመት የሞላችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል።

ቀድሞ መዘጋጀት ይጠቅማል። ፎቶው ወዲያው ወደ ክላውድ እንዲሄድ አስተካክሉ። አይፎን ላይ የጎኑን ቁልፍና አንዱን የድምፅ ቁልፍ ሁለት ሰከንድ አንድ ላይ ብትጫኑ የፊት መክፈቻው ይዘጋል፣ የሚከፈተው በቁጥር ብቻ ይሆናል። ቪዲዮ ከተሰረዘባችሁ በዚያ ስልክ ሌላ አትቅረፁ፤ አይፎን የተሰረዘውን ለ30 ቀን ያህል ያስቀምጣል።

አቤቱታ የሚሰማው ዝርዝር ሲኖረው ነው፦ ሰዓት፣ ጣቢያ፣ የመስመሩ ቀለም፣ የፖሊሱ ባጅ ቁጥር፣ በፉርጎው ጫፍ የተጻፈው አራት አሃዝ። በዚያው ቀን ጻፉት።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ሕግ ነው። ለዕረፍት አዲስ አበባ ስትሄዱ ቀላል ባቡሩን ከመቅረፃችሁ በፊት የጣቢያውን ጥበቃ ጠይቁ።