የፈረሰኞችን ተረት ለልጆች በቀልድ ስንጽፍ የምንሳሳተው

ደጋግሜ የማየው ስህተት ፈረሰኛውን ጅል ማድረግ ነው። ይወድቃል፣ ይጋጫል፣ ሱሪው ይወልቃል። ልጆች አንዴ ይስቁና ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሰለቻቸዋል። ሳቁ የሚመጣው ሰውየው ነገሩን ከልቡ ሲይዘው ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ገጣሚ ክሬቲየን ደ ትሯ የጻፈውን የንጉሥ አርተር ፈረሰኛ ላንስሎትን ተመልከቱ፤ የተወሰደችውን ንግሥት ሲፈልግ ፈረስ አልባ ይቀራል፣ የተገኘው ደግሞ ወንጀለኛ የሚጫንበት ጋሪ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ያህል አመንትቶ ይወጣል። ያን ሁሉ መከራ አልፎ ሲደርስ ንግሥቲቱ ፊቷን ታዞርበታለች። ለምን? ለእነዚያ ሁለት እርምጃዎች! እዚህ ላይ ቀልድ አትጨምሩ፣ በደንብ ተርኩት።

ሌላው፣ ዋናውን ታሪክ ሳያነቡ መጀመር። ጥሩሩ ከብዶት በማንሻ ተጎትቶ ፈረስ ላይ የሚወጣው ፈረሰኛ ፈጠራ ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ነው፣ ክብደቱም በመላ ሰውነት ስለሚከፋፈል ለብሰውት ይሮጣሉ። ይልቅ የአርተርንና የፈረሰኞቹን ተረቶች በእንግሊዝኛ ወደጻፈው ቶማስ ማሎሪ ሂዱ። ንጉሥ ፔሊኖር የሚያሳድደው አውሬ ሆዱ ውስጥ የ60 ውሻ ጩኸት አለ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ቋንቋውን ማክበድም አለ። ሁሉም እንደ አዋጅ ነጋሪ ከተናገረ ልጁ መጽሐፉን ይዘጋዋል። አማርኛ የራሱ መሣሪያ አለው እኮ። ማሎሪ ጋ ጋሬት የተባለ ወጣት ማንነቱን ደብቆ በአርተር ግቢ አንድ ዓመት ማድ ቤት ይቆያል፣ የግብር ቤቱ አዛዥ ኬይ ደግሞ ይሳለቅበታል። ኬይ “አንተ” እያለ ያዋክበው፣ ልጁ “እርስዎ” እያለ ይመልስ። ከዚያ የንጉሥ አርተር የእህት ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ኬይ “አን...” ብሎ ጀምሮ “እርስዎ” ላይ ሲደናቀፍ አስቡት። የዛሬ እንግሊዝኛ ይህን ቀልድ መሥራት አይችልም።

ፍርሃቱን ማውጣት ደግሞ ሳቁንም ይገድለዋል። በአንድ የድሮ እንግሊዝኛ ግጥም፣ አረንጓዴው ፈረሰኛ የአርተር ፈረሰኛ ጋዌይን የቆረጠውን ራሱን ከመሬት አንስቶ ሲሄድ ልጁ ይፍራ፣ ግድ የለም። በውላቸው መሠረት ከዓመት በኋላ አንገቱን ለመጥረቢያ የመስጠት ተራው የጋዌይን ነው። መጥረቢያው ሲወርድ ትከሻው ሰበቅ ይላል፣ አረንጓዴው ሰውዬም እኔ እንዲህ አልሆንኩም ብሎ ይነቅፈዋል። የጋዌይን መልስ፦ እሺ፣ ሁለተኛ አልነቃነቅም፤ የኔ ራስ ግን አንዴ ከወደቀ መልሼ ልተክለው አልችልም።