የብየዳ መስመሬ ለምን ጠመመ?

20 ዓመት የላሜራ በርና መስኮት በይጃለሁ። ባለፈው ክረምት ግን መስመሬ መጥመም ጀመረ። ኤሌክትሮዱ ከመጋጠሚያው እየወጣ ላሜራውን ይበሳዋል። ቀኑን ሙሉ በግራይንደር ሳስተካክል እውላለሁ። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠርኩ። አምፔር ቀነስኩ፣ ኤሌክትሮድ ቀየርኩ። ወፍ የለም!

ነገሩ የገባኝ ስልኬ ላይ መልእክት ለማንበብ እጄ እስኪያልቅ ሳርቀው ነው። 46 ዓመቴ ነው። ከ40 በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ለካ ማሽኑ ደህና ነበር።

ተመርምሬ +2.00 የማንበቢያ መነጽር ታዘዘልኝ። ይህ ቁጥር ግማሽ ሜትር አካባቢ ያለውን ያጠራል። ስበይድ ፊቴ ከብረቱ የሚርቀውም ያን ያህል ነው። የጓደኛዬን +3.00 ሞክሬ ነበር፤ 33 ሳንቲሜትር ድረስ ስለሚያስጎነብስ ጭሱ ውስጥ ከተተኝ።

መነጽሩን አድርጌ ማስኩን ከላይ ደፋሁት። የተጫረውን የማስኩን መስታወትም ቀየርኩ። ኤሌክትሮዱን ስለኩስ የቀለጠው ብረት ጠርዝ ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ከኋላው ቆሻሻው ሲረጋ ሁሉ ይታያል። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

መነጽር የማይመቸው ማስኩ ውስጥ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ የሚገባ ማጉያ ሌንስ አለ፤ የተለመደው መጠን 51 በ108 ሚሊሜትር ነው። አደራ፣ ሁለቱም ጥቁሩን መስታወት አይተኩም። የማንበቢያ መነጽር ብቻ አድርጎ የበየደ ሌሊቱን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ያድራል።