ሀዋሳ ሐይቅ ላይ አሳ ለማጥመድ የምታስቡ ካላችሁ

ሀዋሳ ሄዶ አሳ በልቶ መመለስማ ሁሉም ያውቅበታል፣ ራስ አጥምዶ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ረፋዱ ላይ ተነስቶ እየሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጠዋት ሂዱ። ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ግን ንፋሱ ይነሳና ክሩም ከላይ የሚንሳፈፈው ፎሙም የት እንዳለ አይታይም፣ ስለዚህ ማጥመዱንም ጀልባውንም ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጨርሱት።

ለጀማሪ ቆሮሶ ማለትም ቲላፒያው ይሻላል። ቀጭን የናይለን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ለክብደት ትንሽ የእርሳስ ብረት፣ ከላይ የምትንሳፈፍ የፎም ቁራጭ፣ በቃ። ትል ወይ ጠንከር ተደርጎ የታሸ ሊጥ ሰክታችሁ ቄጠማው ጠርዝ ላይ ጣሉት፣ መሀል ድረስ መወርወር አያስፈልግም፣ ቆሮሶ ዳር ዳሩን ይወዳል። ፎሟ መጀመሪያ ነቅነቅ ነቅነቅ ትላለች፣ ያኔ አትሳቡ እየቀመሰ ነው፣ ወደ ጎን ይዟት ሲሄድ ወይ ስትሰምጥ ነው ሳብ የሚደረገው። ስትይዙት ደግሞ የጀርባው እሾህ ይወጋል፣ መዳፋችሁን ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው እያንሸራተታችሁ እሾሁን አስተኝታችሁ ያዙት።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ፣ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው፣ አገጯ አብጦ ካያችሁ ወይ ቢጫ እንቁላል ከአፏ ከወጣ ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት፣ ትንንሾቹንም እንደዛው። መረቡ በዝቶ አሳው ሳያድግ እየተያዘ ነው፣ እኛም ለመዝናናት ብለን ባንጨምርበት።

አምባዛ የሚባለው ትልቁ ባለጢም አሳ ማታ ነው ምግቡን በደንብ የሚበላው፣ ግን ለሱ ብላችሁ ዳር ላይ አታምሹ፣ ሲመሽ ጉማሬ ሳር ሊግጥ ይወጣል። በጀልባ ጉማሬ ለማየት ከሄዳችሁም ባለጀልባው ጠጋ ልበል ቢላችሁ አይሆንም በሉት፣ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ላይፍ ጃኬት ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ዋና ካማራችሁ የሆቴል ፑል አለላችሁ፣ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል በውሃ የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ ልጆችም ቄጠማው ውስጥ እግራቸውን እየነከሩ እንዳይጫወቱ።

የያዛችሁትን አሞራ ገደል፣ የአሳ ገበያው ጋ፣ ብትወስዱት የሚያጸዱላችሁ ልጆች አሉ፣ እጃቸው ፈጣን ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንጀቱን ሊለቅሙ አጠገባችሁ ተደርድረው ይቆማሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚወዱ አሉ፣ እኔ ግን በደንብ ተጠብሶ ነው የምላችሁ፣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ቢልጫ በሚባለው ሌላ የሐይቁ አሳ፣ በትልልቆቹ ላይ ደግሞ በጥናት ሜርኩሪ ስለተገኘ ነፍሰ ጡርና ህጻናት ባያዘወትሩት ጥሩ ነው።

የተበጠሰ ክር ደግሞ እዛው ጥላችሁ አትሂዱ፣ የወፎቹ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።